የቁስቋም ዳገትና የጎደለው ብረት

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደም ማነስ ነው፤ በተለይ ከብረት እጥረት ስለሚመጣው። ነገሬን ከቁስቋም እጀምራለሁ።

ቁስቋም በጉለሌ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ግርጌ ያለች ሰፈር ናት፤ ስሟን ያገኘችው ከቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በዓሉ ኅዳር 6 ቀን ይነግሣል። ከመስከረም 26 ጀምሮ ጽጌን ሲጾም የከረመ ሰው በዚያ ቀን ይፈታል፤ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። እንግዲህ በዚህ ሰፈር የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሆን ነው። ባሏ ሽሮ ሜዳ ሸማ ይሠራል፤ እሷ ትፈትላለች፣ ሦስት ልጆችም ታሳድጋለች። ለበዓሉ ነጠላዋን አጣፍታ ዳገቱን ስትወጣ ሦስት ጊዜ ቆመች። ልቧ ድው ድው አለ፤ ዓይኗ ብዥ አለባት። ድንጋይ ላይ አረፍ ብላ፣ «መቼም የቁስቋም ዳገት ነው» አለች። አብረዋት ያሉት ደግሞ፣ «ደምሽ አንሶ ነው፤ ቀይ ሥር ጨምቀሽ ጠጪ» አሏት።

ዳገቱ ዳገት ነው፤ እሱ እውነት ነው። ግን አምና ይህንኑ ዳገት ልጅ አዝላ ሳትቆም ወጥታዋለች። ዘንድሮ ምን ተለወጠ? የዛሬው ወሬያችን ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚመጣ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ደም ማነስ ስንል ደሙ በሊትር ተለክቶ ጎደለ ማለታችን አይደለም። የደም ግፊት ዝቅ ማለትም ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ሲያዞረው «ግፊቴ ወርዶ ነው» እያለ ጨው ይልሳል፤ ሁለቱን ባለማወቅ የሚጠፋው ጊዜ ያሳዝነኛል። ደም ማነስ ማለት በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው ሂሞግሎቢን የሚባለው ነገር ማነሱ ነው። ሂሞግሎቢን ከሳንባ አየር ተሸክሞ ለጡንቻ፣ ለልብና ለአንጎል የሚያደርስ ነው። ተሸካሚው ሲያንስ ልብ ጉድለቱን ለመሙላት በፍጥነት ትመታለች። ያቺ እናት ዳገቱ መሐል የሰማችው ድው ድው እሱ ነው።

ሂሞግሎቢን ያለ ብረት አይሠራም። በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ተሰብስቦ ቢመዘን ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው፤ አንዲት ትንሽ ምስማር። ከዚህም ሁለት ሦስተኛው ያለው በደም ውስጥ ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል። ሲያረጅ አካላችን ብረቱን አይጥለውም፤ ያለቀለትን ማረሻ አግሎ፣ ቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ እንደሚያወጣ ባለ እጅ፣ መልሶ አዲስ ሕዋስ ይሠራበታል። ስለዚህ ጤነኛ ወንድ በቀን የሚያጣው ብረት 1 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። የተረፈው በጉበትና በመቅኔ ይከማቻል። ያ ክምችት ጎተራ ነው በሉት። እጥረት ሲጀምር መጀመሪያ የሚራቆተው ጎተራው ነው፤ ሌማቱ ግን ለጊዜው ሙሉ ይመስላል። ሂሞግሎቢን የሚወርደው ጎተራው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ድካሙ፣ የትኩረት ማጣቱ፣ የፀጉር መሳሳቱ ከዚያ በፊት ሊጀምር ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ እንቆቅልሹ እንግባ። እኛ ኢትዮጵያውያን ጤፍ በላተኞች ነን። ጤፍ ደግሞ በብረት የታወቀ እህል ነው፤ ቀዩ ጤፍ ደም ይሆናል ሲባል ያልሰማ የለም። ታዲያ ደም ማነስ ከየት መጣ?

ይህን ጥያቄ ካነሡት አንዱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ነው። ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ተባለ፤ ብዙዎቻችን ያደግንበትን ፋፋ ያስገኘው እሱ ነው። ዛሬ እዚያው ጉለሌ ውስጥ በሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ተጠቃልሏል። ስዊድናዊው ሐኪም ሆፍቫንደር በ1968 ባሳተመው ጥናት ጤፍ የሚበላ ኢትዮጵያዊ በቀን ወደ አፉ የሚያስገባው ብረት ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳየ። በወላድነት ዕድሜ ላይ ላለች ሴት አሜሪካኖች የሚመክሩት በቀን 18 ሚሊግራም ነው፤ እሱ የለካው ግን ከመቶ ሚሊግራም በላይ ነበር።

ይሁንና በ1980 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ላይ ያወጡት ጥናት ነገሩን ገለጠው። ጤፉን በደንብ አጥበው ሲለኩት ብረቱ በጣም ወርዶ ከሌሎች እህሎች ጋር ተቀራረበ። አብዛኛው ብረት ከፍሬው ሳይሆን ከአውድማው ነበር! ጤፍ ደቃቅ ነው፤ በሬ መሬት ላይ ሲያበራየው ቀዩ አፈር ይለጠፍበታል። የአፈር ብረት ደግሞ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ አብዛኛው ሳይነካ የሚወጣ ብረት ነው። ይህን ስነግራችሁ ጤፍን ላራክስ አይደለም፤ ጤፍ ጥሩ እህል ነው፣ የራሱም ብረት አለው። ግን «ጤፍ እበላለሁና ደም አያንሰኝም» የሚል ሰው ሊሰማው ይገባል።

ቁጥሩም ይመሰክራል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች ውስጥ 24 በመቶው፣ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ከሆኑ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ከሁለት ሕፃናት ከአንድ በላይ ማለት ነው። ሁሉም ከብረት እጥረት የመጣ አይደለም፤ ወባውም፣ ሌላ ሕመሙም፣ የሌላ ንጥረ ነገር ማነሱም አለበት። የብረት እጥረት ግን ከዋነኞቹ አንዱ ነው።

ብረት አፍ ውስጥ መግባቱና ደም ውስጥ መግባቱ ይለያያል። ከሥጋና ከጉበት የሚገኘው ብረት በቀላሉ ይገባል፤ እስከ አንድ አራተኛው ሊገባ ይችላል። ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከጎመን የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ከመቶ አሥር እጅ እንኳ ሳይሞላ ይቀራል። እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ብረቱን ጨብጦ ይይዘዋል፣ አይለቀውም። እዚህ ላይ የእናቶቻችንን ጥበብ ላመስግን። እርሾ ገብቶበት ሁለት ሦስት ቀን የተብላላ ሊጥ ፋይቴቱ እየፈረሰ ይሄዳል። እንጀራው ሲመጥጥ ብረቱም ይፈታል። ለገበያ ሲባል በጥድፊያ የተጋገረ እንጀራ ይህን አያገኝም።

ሁለተኛው መፍቻ ኮምጣጣው ነው። በጾም ቀን የሽሮ ወይም የምስር ወጥ ስትበሉ አጠገቡ ጥሬ ቃሪያ አድርጉ፤ ሎሚ ጨምቁበት፣ ቲማቲም ቁርጥ አድርጋችሁ ብሉበት። ቃሪያ ቫይታሚን ሲ በብዛት አለው፤ ያ ቫይታሚን የእህሉን ብረት ወደ ደም እንዲገባ ይረዳዋል። የቃሪያ ስንጥቅ በሽሮ ገበታ ላይ ለጣዕም ብቻ የቀረበ አይምሰላችሁ። ሲበስል ግን ቫይታሚኑ ይቀንሳልና ጥሬውን።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ። ብዙዎቻችሁ እንዳትቆጡኝ እሰጋለሁ። ቡናም ሻይም ብረትን የሚይዙ ነገሮች አሏቸው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1983 አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከሥጋ ምግብ ጋር አንድ ስኒ ቡና ሲጠጣ ወደ ደም የሚገባው ብረት በ39 በመቶ ቀነሰ፤ ሻይ ሲሆን በ64 በመቶ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይሄ ነው፤ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልጎዳም። ከምግቡ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ያህል ጎዳ። የእኛን ቤት አስቡት። ምሳ ይበላል፣ ጀበናው ይጣዳል፣ አቦል ይወርዳል፣ ቶና ይከተላል፣ በረካ ይመጣል። ሦስቱም የሚወርዱት ልክ ብረቱ ከሆድ ወደ ደም በሚሻገርበት ሰዓት ነው። ቡና ተዉ አልልም፤ ቡና ጎረቤት የሚገናኝበት፣ ልብ የሚያርፍበት ነው። ደም ማነስ ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡሯም በተለይ፣ ቡናውን ከምሳ ቀድሞ ያፍላ፤ ካልሆነም ሁለት ሰዓት ያህል ያቆየው። ለሕፃን ደግሞ ሻይ በዳቦ ቁርስ ማድረግ ይቅር።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያወራሁት ስለሚገባው ነው። የሚወጣው ይብሳል። አንድ ሚሊ ሊትር ደም ግማሽ ሚሊግራም ያህል ብረት ይዞ ይወጣል። የወር አበባዋ የሚበዛ ሴት፣ ከሰባት ቀን የሚያልፍባት፣ ሞዴስ በየሰዓቱ ሁለት ሰዓቱ የምትቀይር፣ ጓል የሚወርዳት፣ ይህ የተፈጥሮ ነው ብላ ዝም ትላለች። እባካችሁ ዝም አትበሉ። ለሐኪም መንገር ነውር የለበትም፤ መድኃኒት አለው። አንድ እርግዝና ከመጀመሪያ እስከ ወሊድ 1 ግራም ያህል ብረት ይፈልጋል፤ ከጠቅላላው የአካል ብረት ሲሶ ወይም ሩብ ማለት ነው። ልጆቿን አቀራርባ የወለደች እናት ጎተራዋን ሳትሞላ ደጋግማ ታወጣለች። የቁስቋሟ እናታችንም ሦስት ወልዳለች።

በነፍሰ ጡር ላይ አንድ ምልክት ላንሳ፤ ለእኔ ቅርብ ነውና። እናቴ ታናሼን ያረገዘች ጊዜ የጓዳውን ግድግዳ ጭቃ በጥፍሯ እየፈረፈረች ስትበላ አይ ነበር። «አምሮት ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። አፈር፣ ገል፣ ኖራ፣ በረዶ የመብላት አምሮት ብዙ ጊዜ ከብረት እጥረት ጋር የሚሄድ ምልክት ነው። አፈሩ ብረቱን አይመልስም፤ እንዲያውም ከሌላው ምግብ ያለውን ይይዛል፣ ትልም ያስገባል። አንድም ሰው ደሟን እንድታስለካ አልነገራትም። ልጁ ደኅና ተወለደ፤ እሷ ግን ከወለደች በኋላ ለረጅም ጊዜ ከመኝታዋ መነሳት አቅቷት ነበር።

ትሎችም አሉ። ደም መጣጩ የመንጠቆ ትል በሞቃትና እርጥብ አፈር ውስጥ ነው የሚራባው፤ ለቁስቋም ብርድ አይመችም። ነገር ግን በባዶ እግሩ ቆላ ሲሠራ የከረመ ሰው ይዞት ይመጣል። ጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያም የብረትን መግባት ያውካል፣ ሊያቆስልም ይችላል። የወገብ ሕመም አለብኝ ብሎ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ወይም አስፒሪን እየገዛ ለወራት የሚውጥ ሰው ጨጓራው በዝግታ ሊደማ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠንክሬ ልናገር። ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት የብረት እጥረት ከተገኘባቸው፣ ኪኒን ሰጥቶ ብቻ መሸኘት አይበቃም። ደሙ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ ከጨጓራ፣ ከአንጀት፣ ከኪንታሮት። የአንጀት ካንሰር የመጀመሪያ ምልክቱ ይሄ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ደም ከታየበት፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

ምርመራውስ? ዓይንን ገልብጦ፣ መዳፍን ከሌላ ሰው መዳፍ ጋር አስተያይቶ መንጣቱን ማየት ለመጠርጠር ይረዳል። የአፍ ጥግ መሰንጠቅ፣ የምላስ መላላጥ፣ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ጥፍርም ያመለክታሉ። ለማረጋገጥ ግን ደም መለካት አለበት። በጤና ጣቢያ ከጣት በአንዲት ጠብታ ሂሞግሎቢን ይለካል። ሲቢሲ የሚባለው ሙሉ የደም ምርመራ ደግሞ የሕዋሶቹን ስፋት ያሳያል፤ ብረት ሲጎድል ሕዋሶቹ ያንሳሉ፣ ቀለማቸው ይፈዛል።

መለኪያው ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት በዴሲ ሊትር 12 ግራም፣ ለነፍሰ ጡር 11፣ ለወንድ 13 ነው። ከዚያ በታች ደም ማነስ ይባላል። ይሁንና ይህ ቁጥር የተወሰነው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ አካል ብዙ ሂሞግሎቢን ይሠራል። ቁስቋም ከባሕር ጠለል 2500 ሜትር አካባቢ ከፍ ትላለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት ማስተካከያ ለዚያ ከፍታ በመለኪያው ላይ ከአንድ ግራም በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ለቁስቋም ሴት ወረቀቱ 12.3 ብሎ «ደኅና ነሽ» ቢላትም ላይሆን ይችላል። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2002 በታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች ከ3500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሂሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ካለ ሰው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ መገኘቱ ነው። ማስተካከያው ለኢትዮጵያዊ ደገኛ ምን ያህል ይስማማል የሚለው ክርክር ከዚህ የመጣ ነው። ቁጥሩ ድንበሩ ላይ ሲሆን ሕመምተኛዋን ማድመጥና ጎተራውን መፈተሽ ያስፈልጋል።

ጎተራውን የሚያሳየው ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ነው። ለጤነኛ አዋቂ ከ15 በታች ከሆነ ጎተራው ባዶ ነው። ነገር ግን ፌሪቲን በብግነትና በኢንፌክሽን ጊዜ ይጨምራል፤ ሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ጎተራው ባዶ ሆኖ ቁጥሩ ደኅና ሊመስል ይችላል። ለዚያ ነው ሐኪሙ ሳልን፣ ትኩሳትንና ክብደት መቀነስን የሚጠይቀው።

ሕክምናው በርካሽ የሚገኝ ነው፤ ትዕግሥቱ ግን ውድ ነው። ዋናው ኪኒን ፌረስ ሰልፌት ነው፤ በአንዱ ኪኒን 60 ሚሊግራም ያህል ብረት አለ። ለነፍሰ ጡር ከፎሊክ አሲድ ጋር ይሰጣል። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ባለፈው እርግዝናቸው የብረት ኪኒን የወሰዱ እናቶች 42 በመቶ ነበሩ። 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 በመቶ ብቻ! ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰበራል። ኪኒኑ ጤና ጣቢያ ድረስ መጥቶ፣ እጅ ውስጥ ገብቶ፣ ቤት ሲደርስ ይቀራል።

ለምን ይቀራል? ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራ ያጠቁራል፤ ይህን ያልተነገራት ሴት ትፈራለች፣ ትተወዋለች። ሰገራው የሚጠቁረው ከኪኒኑ ብረት ነው፤ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና ክፉ የሚሸት ካልሆነ አያስፈራም። ባዶ ሆድ ቢወሰድ ይሻላል፤ ካስቸገረ ከትንሽ ምግብ ጋር ይወሰድ። ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ጋር አይወሰድ። ቀን ቀን ስትጾም የምትውል ሴት እራት ከበላች ሁለት ሰዓት ቆይታ፣ ልትተኛ ስትል በውኃና በሎሚ ትውሰደው። ነፍሰ ጡርና ታማሚ ከሆነችም ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ፈቃድ አላት።

ሌላም ነገር አለ። ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ነገር ያመነጫል፤ ብዙ ብረት ሲገባ በሩን የሚዘጋ ዘበኛ ነው። ዛሬ የተወሰደው ኪኒን ዘበኛውን ያነቃውና የነገውን ያስመልሰዋል። ስዊዘርላንድ ውስጥ የተሠሩ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2015ና በ2017 የታተሙ ጥናቶች በየቀኑ ከመውሰድ አንድ ቀን እያለፉ መውሰድ ከእያንዳንዱ ኪኒን የሚገባውን ብረት እንደሚጨምር አሳይተዋል። ሆዷ የማይችል ሴት ይህን ለሐኪሟ ትንገረው እንጂ ራሷ አትቀንስ፤ ነፍሰ ጡር የታዘዘላትን ትከተል። ቀይ ሥሩስ? ይጠጣ፣ ጎጂ አይደለም፤ ቀይነቱ ግን ቀለሙ ነው፣ ብረቱ ጥቂት ነው።

ኪኒኑ እየሠራ ከሆነ ሂሞግሎቢን በአራት ሳምንት ውስጥ ከ1 እስከ 2 ግራም ይወጣል። ካልወጣ ወይ አልተዋጠም፣ ወይ እየደማ ነው፣ ወይ ምክንያቱ ብረት አይደለም። ሂሞግሎቢኑ ደኅና ከሆነ በኋላም ጎተራው እስኪሞላ ሦስት ወር መቀጠል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ማዞሩ ሲተወው ኪኒኑን ይተወዋል። ኪኒን የማይስማማው ብረት በደም ሥር ይሰጠዋል፤ ሂሞግሎቢኑ በጣም የወረደና ልቡ የተጨነቀ ደም ሊሰጠው ይችላል። ኪኒኑን ደግሞ ከልጆች አርቁ፤ ከረሜላ መስሎት የዋጠ ሕፃን በብረት ሊመረዝና ሊሞት ይችላል።

እናታችን በኅዳር 7 ጤና ጣቢያ ሄደች እንበል። ሂሞግሎቢኗ 9.1 ሆነ፤ የወር አበባዋ መብዛቱንም ለመጀመሪያ ጊዜ ለነርሷ ነገረች፤ ለዚያም ሕክምና ተጀመረላት። ታኅሣሥ 7 ለድጋሚ ልኬት ተቀጥራለች። ኪኒኑ በነቢያት ጾም፣ በገና፣ በጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም ድረስ ይሄዳል። የኪኒኑን ብልቃጥ ልጆቹ ከማይደርሱበት ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀምጣዋለች፤ ምሳ ላይ ጎረቤቶቿ ሲመጡም አቦሉ ከእንጀራው ቀድሞ ይቀርባል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)